ሰው የነበረው ወንድማችን (የመጻጉዕ ሰንበት ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በዳር ሰዓድ፣ በሼክ ዑስማን፣ በበሳቲንና በሌሎችም የዓደን ሠፈሮች ያላችሁ፣ ደግሞም ከዚህ አልፋችሁ በየአገሩ ተበትናችሁ ይህን ቻናል የምትከታተሉ የተዋሕዶ ልጆች፣ የጀመርነውን ጾም በሰላም ያስፈጽመን።

ዛሬ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ነው፤ መጻጉዕ ይባላል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 5 የጻፈውን ታስታውሳላችሁ። በመጠመቂያው ዳር ዕውሩም አንካሳውም ሰውነቱ የሰለለውም ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠብቃል። ከእነርሱ መካከል አንዱ 38 ዓመት በሕመም የኖረ ነው። ጌታችን ቀርቦ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ስለ እግሩ አልመለሰም፤ ስለ ደዌው ዓይነትም አልተናገረም። የተናገረው ሰው እንደሌለው ነው። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያወርደው አንድ ሰው አጥቶ ነው 38 ዓመት እዚያ የተኛው።

ዘንድሮ በዚህ ቃል ላይ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየን። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በጥር ወር ታናሽ ወንድማችን በአገር ቤት ዐርፏል። ዕድሜው 38 ነበር። ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም የሚሉት ሁኔታ ነበረበት፤ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የተወለደው ነው።

መርዶው በስልክ በደረሰን ቀን ማታ ከየሥራችሁ ወጥታችሁ፣ ቴርሞሳችሁን ይዛችሁ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ተደራርባችሁ ከእኛ ጋር ተቀምጣችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። አብዛኞቻችሁ ደግሞ አንድ ቃል ተናግራችኋል፤ «አባታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እንኳን ተገላገለ፤ እናትዎም ዐረፉ»። ክፉ አስባችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን። እኛም በዚያች ሌሊት አሜን ብለን ዝም አልን። ነገር ግን ቃሉን እስከ ዛሬ ስናመነዥከው ቆየን። ተገላገለ የሚለውን በአገራችን ለወለደች ሴት እንለዋለን። ከምጥ ወጣች፣ ልጇን በሰላም ታቀፈች ማለት ነው። ለሞተ ሰውና ለቀባሪዎቹ ሲባል ግን በመካከል ሸክም ነበረ፣ ሸክሙም ወረደ ማለት ይሆናል። እኛ ቤት የነበረው ሸክም ነበር ወይ? ይህን የምንመልሰው ያየነውን በመንገር ነው። ሌላም ምክንያት አለን፤ ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

ቤታችን በጋይንት ነው፤ ከጉና በስተ ምሥራቅ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በጥቅምት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ የሚሆንበት ደጋ። እናታችን 7 ልጆች ወልዳለች። እርሱ የመጨረሻው ነው፤ ሲወለድ እርሷ 40ን አልፋ ነበር። አንገቱ አይጸናም፣ ጡት ለመሳብ ጉልበት አልነበረውም። እናታችን ወተቷን በትንሽ ጽዋ እያለበች በጣቷ ጠብታ ጠብታውን ታስቀምሰው ነበር፤ አንዱን ማጥባት ስትጨርስ የሌላው ሰዓት ይደርሳል። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበለ። ኋላ የጤና ባለሙያ አይቶት 10 ዓመት የሚደርስ አይመስለኝም ብሎ ነበር። በ4 ዓመቱ ሄደ፣ በ6 ዓመቱ ተናገረ። የመጀመሪያው ቃሉ «ና» ነው፤ የተጠራውም ጥጃ ነበር፤ መጣለትም።

እኛ ለቆሎ ትምህርት ከቤት ስንወጣ እርሱ ገና ይድሃል። ከዓመታት በኋላ ለምዳችንንና አኩፋዳችንን ይዘን ለእረፍት ስንመለስ ግን ጎረምሳ ሊሆን ደርሶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ለምዱም አኩፋዳውም የለም። እርሱም የለም። እናታችን ደንግጣ መንደሩን ስታስስ፣ ለምዱን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለብሶ በየደጃፉ እየቆመ፣ በዚያ ወፍራም ምላሱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ተገኘ። አኩፋዳው ሞልቶ ነበር። እኛ በዚያው መንደር ዞረን እንዲያ ሞልቶልን አያውቅም! የለመነውን ዳቦና ቆሎ ሁሉ በእኛ ፊት ዘረገፈና እያንዳንዱን በእጁ አጎረሰን፤ ለራሱ የቀመሰው ሁላችንም ካጎረስነው በኋላ ነው። ልማዱ ነበር። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሳይቀምስ እርሱ አይቀምስም።

ሥራ ነበረው። ማንም አልሰጠውም፤ ራሱ ያገኘው ነው። ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማቸውን ደጃፍ ያወልቃሉ፤ ታውቁታላችሁ፣ በትልቅ በዓል ቀን ያ ሁሉ ኮንጎና በረባሶ እርስ በእርሱ ተደበላልቆ ሲወጡ የሚሆነውን ግፊያ። እርሱ ኪዳን ሲደርስ ተሳልሞ ይወጣና ጫማውን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በግድግዳው ሥር ይደረድራል። ቁጥር አያውቅም፤ 3ን ከ5 አይለይም። የ200 ሰው ጫማ ግን የማን እንደ ሆነ ያውቃል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ እየመረጠ ያቀብላል፤ ለአሮጊቶች ጎንበስ ብሎ ያጠልቃል። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ካለ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ አንሥቶ ለሁሉ ያሳይለታል፤ የገዛውም ሰው ያፍራል። የተቀደደ ጫማ ያየ እንደ ሆነም ዝም አይልም፤ በሰንበቴው ላይ ይዞት ገብቶ ካህናቱ መካከል ያስቀምጠዋል። በዚህ የተነሣ ጫማ የተገዛላቸው ድኾች ነበሩ።

አባታችን በስተርጅና እግሩን ያመው ነበር። ማታ ማታ ውኃ አሙቆ እግሩን የሚያጥበው ይህ ልጅ ነው። አባታችን ባረፈ ጊዜ እንደማይመለስ ነገርነው፤ መቃብሩንም አሳየነው፤ አለቀሰ። ማታ ግን ውኃውን አሙቆ ሳፋውን ከመደቡ ሥር አኖረ። በማግሥቱም እንዲሁ። 3 ወር ያህል አላቋረጠም። እናታችን አንድ ቀን እንኳ ተው አላለችውም። እርሱ ሲተኛ ተነሥታ ውኃውን ደጅ ታፈሰው ነበር።

መልአክ ነበር እያልናችሁ አይደለም። እንዲህ ያሉትን «የእግዜር ሰው» ብለን ሰማይ ሰቅለን የምንተዋቸውም አለን፤ እርሱም ሌላ መራቂያ ነው። ወንድማችን ግትር ነበር፤ ካኮረፈ 3 ቀን ቃል አይወጣውም። የእኅታችንን የሠርግ ሽቶ ጠርሙሱን ሙሉ ጥጃ ላይ ደፍቶታል፤ ጥጃው ለሳምንት ያህል ሙሽራ ሙሽራ ሸተተ። ለገበያ እንቁላል ከያዘ መጀመሪያ የሳመው ሰው ነው ባለቤቱ። እናታችን በእርሱ ደክማለች፣ አልቅሳለችም። ይህን ብንደብቅ ዋሸን። ግን እናንተ ከመካከላችሁ እናቱን ያላደከመ ልጅ ማን አለ? እኛን ባሕሩን አቋርጠን ስንሄድ ስንት ሌሊት ሳትተኛ አድራ ይሆን?

በስልክ ስናገኘው የሚጠይቀን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ መች እንደምንመጣ። ዓደን ከጉና ማዶ ያለች አንዲት መንደር ትመስለው ነበር። የእኛን አሮጌ ኮንጎ ከበሩ ጀርባ ጥንዱን አስተካክሎ አስቀምጦት ነበር፤ ሌላ ሰው ሲነካው ይጣላ ነበር ይሉናል።

የቀብሩን ዕለት የነገረችን እኅታችን ናት። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ጫማው ሁሉ ተደበላልቆ ነበር። የሚያቀብል የለም። አረጋውያኑ በባዶ እግራቸው ቆመው ቀሩ። ለቅሶው እንደ ገና የተነሣው፣ አስከሬኑ ሲወጣ ካለቀሰው ይልቅ የበረታው፣ እዚያ ጫማው ፊት ነው አለችን።

እንግዲህ ተገላገላችሁ ለምትሉን መልሳችን ይኸው ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት ሰው አጥቶ ተኛ። ወንድማችን 38 ዓመት ሰው ነበረው፤ እርሱም ለሰው ሰው ሆነ።

አሁን ከሐኪሞች የተማርነውን ጥቂት እንናገር፤ ባለማወቅ የሚጎዳ ብዙ ነውና። በሰው ገላ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞም አለ፤ 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት። በእነዚህ ልጆች ዘንድ 21ኛው በ2 ፈንታ 3 ይሆንና 47 ይሆናል። ጆን ላንግደን ዳውን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1866 እ.ኤ.አ. መልኩን ጻፈ፤ ስሙም ከእርሱ መጣ። ምክንያቱ ግን የታወቀው በ1959 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ነው፤ ዠሮም ለዠንና ባልደረቦቹ ያን ትርፍ ክሮሞዞም አግኝተው አሳተሙ። በዓለም ላይ ከ1000 ልጆች 1 ያህሉ እንዲህ ይወለዳል። በሀብታሙም በድኻውም፣ በአረቡም በፈረንጁም በእኛም ቤት ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፤ ነገር ግን ብዙ የሚወልዱት ወጣቶች ስለ ሆኑ ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ከወጣት እናቶች የተወለዱ ናቸው። እናቲቱ በእርግዝናዋ የበላችው፣ የፈራችው፣ የተሻገረችው ባሕር፣ የደረሰባት በደል አያመጣውም። ቡዳም እርግማንም አይደለም።

የልጆቹ እኩሌታ ያህል ከልብ ሕመም ጋር ይወለዳሉና ልባቸውን ቶሎ ማስመርመር ይገባል። ብዙው የልብ ሕመም ዛሬ ይታከማል። በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ አሁን 60 ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተለወጠው ክሮሞዞሙ አይደለም። ከየተቋሙ ወጥተው በቤተሰብ መካከል ማደጋቸው፣ ልባቸው መታከሙ ነው። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት አቶ አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድሮም ባላት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመዋል። ሰው ልጁን በጓዳ በሚሸሽግበት አገር አንድ ባለ ሥልጣን የልጁን ስም በአደባባይ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ቀላል ነገር አይደለም። መጋቢት 12 ቀንም በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእነርሱ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በፈረንጅ 3ኛው ወር፣ 21ኛው ቀን ነው። 21ኛው ክሮሞዞም 3 መሆኑን ለማስታወስ የተመረጠ ነው።

አንዳንድ ወንጌል የሚያነብ ሰው ይነሣና፣ ጌታ መጻጉዕን ካዳነው በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆት የለም ወይ፣ ስለዚህ በሽታ የኃጢአት ውጤት ነው ይለናል። ለመጻጉዕ የተባለው ለመጻጉዕ ነው። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ ሁለቱንም ነፃ አወጣቸው። ከማኅፀን ይዞ ለተወለደ ሰው የተሰጠው መልስ ይህ ነው። አንዱን ቃል ለሁሉ ደዌ ማልበስ ከአባቶች ትርጓሜ አልተማርነውም። ጠበልም ቢሆን እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ለበረከት ይጠመቁ እንጂ፣ ጋኔን አለባቸው ተብሎ የሚታሰሩበት፣ የሚገረፉበት ምክንያት የለም። ጋኔን የለባቸውምና።

ደግሞ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 እና 9 ያለውን የሜምፊቦስቴን ነገር አስቡ። የዮናታን ልጅ ነው። 5 ዓመት ሲሆነው የጦርነት ወሬ መጣ፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀና ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። እናንተ ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ በላሕጅ ዳርቻ ከጀልባ ስትወርዱ በጨለማ ልጅ ይዛችሁ የሮጣችሁ አላችሁ። ያ ልጅ አድጎ በሎዶባር በሰው ቤት ተሸሽጎ ሲኖር ዳዊት አስፈልጎ አስመጣው። እርሱ ግን ራሱን ከሞተ ውሻ ቆጠረ። ዳዊት በማዕዱ አስቀመጠው፤ እንደ ንጉሥ ልጆች ዘወትር ይበላ ነበር። ቅዱሱ መጽሐፍ እግሩ ዳነ አይለንም። እንዲያውም ታሪኩን ሲዘጋ ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ነበረ ደግሞ ይናገራል። ማዕዱ ሽባነቱን አላስቀረም፤ ሽባነቱም ከማዕዱ አላስቀረውም።

ለመቍረብስ ይገባቸዋል ወይ፣ ምን ያውቃሉ የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶናል። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን አጥምቃ ስታቈርብ ሕፃኑ ምን ያህል ገባው ብላ ፈትና አታውቅም።

በዚህች በምንኖርባት ምድርም ምስክሮች አሉን። ከእኛ አጠገብ በሼክ ዑስማን የካቶሊክ እናቶች፣ የማዘር ቴሬዛ ማኅበር መነኮሳት፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚጦሩበት ቤት ነበራቸው። የካቲት 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ታጣቂዎች ገብተው 4 መነኮሳትን ጨምሮ 16 ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል በዚያ ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጦርነት ነበረ፤ ወጥቶ መሄድ ይቻል ነበር። ሽማግሌውን የሚያጎርስ፣ ሽባውን የሚያገላብጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ቀሩ። የቤቱ ሕሙማን ተረፉ፤ ሰዎቻቸው ግን ተገደሉ። በሃይማኖት ብንለያይም፣ ያ ቤት በነበረበት መንገድ ስናልፍ እናማትባለን።

በየሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቻችን፣ እናንተም ይህን ሥራ ትሠራላችሁ። ከእናንተ አንዷ የአሠሪዎቿን ልጅ፣ እዚህ «መንጎሊ» እያሉ የሚጠሩትን፣ 4 ዓመት አጥባና አብልታ ቁልፍ መቈለፍ እንዳስተማረችው ነግራናለች። በመጀመሪያው ቀን ብቻውን የቈለፈ ዕለት እናቱን ሳይሆን እርሷን ጠርቶ አሳያት። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው ብላችሁ አታቃልሉት።

አሁን ወደ ኋላ እናመጣዋለን ያልነውን ነገር እንናገር። እናቲቱ ፈቅዳልን ነው። በመካከላችን አንዲት ሕፃን ተወልዳለች፤ እንደ ወንድማችን ያለች ናት። እናቷ ብቻዋን ናት፤ ልጅቷን በነጠላ ሸፍና ነው የምትወጣው። አንዳንዶቻችሁ ስታገኟት ዓይናችሁን እንደምትሰብሩ፣ አንዳንዶችም ይህ በመንገድ ያገኛት ቅጣት ነው እንዳላችሁ እርሷም ሰምታለች፣ እኛም ሰምተናል። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ የጻፍነው ስለዚህ ነው። የሕፃኗ 80 ቀን በኒቆዲሞስ ሳምንት ይሞላል፤ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ስለ ሆነ አይተላለፍም፤ አባቶች በፈቀዱልን መጠን ሥርዓቱ ይፈጸማል። ክርስትና እናት እስካሁን አልተገኘችም። ሦስት እኅቶች ተጠይቀው ሥራ አይመቸንም ብለዋል። የሕፃን አፍ ሆና ጸሎተ ሃይማኖትን የምትመልስ፣ ማዕተቡን የምታስር፣ ከዚያም በኋላ የማትጠፋ እኅት ያስፈልጋል። ጡት ለመሳብ ትደክማለችና ሌሊት ሌሊት እናቲቱን የሚያሳርፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀና አድርጎ ይዞ፣ ሳይቸኩሉ፣ ጠብታ ጠብታውን ነው። ልቧንም ሐኪም ማየት አለበት፤ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ መሰብሰብ ጀምሯል።

ፈቃደኛ የሆነች እኅት እስከ ረቡዕ በውስጥ መስመር ትጻፍልን። የጥምቀቱን ቦታና ሰዓት በዚህ አንጽፈውም፤ እንደ ተለመደው በቃል ይደርሳችኋል። ስትመጡ ጫማችሁን በበሩ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አስቀምጡልን፤ ክፍሉ ጠባብ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።